የተበደርኩት ቆሻሻ

ሰው ጨው ይበደራል፣ እርሾ ይበደራል፣ ሲቸግረውም ለለቅሶ የሚለብሰውን ነጠላ ይበደራል። እኔ አልታዬ ግን በስድሳ አንድ ዓመቴ፣ በመካነ ሰላም ከተማ፣ በጠራራ ፀሐይ ቆሻሻ ተበድሬያለሁ። አትሳቁ። ቦረቦሬን ሊወስዱብኝ ነበር።

ቦረቦሩ ከጓሮዬ ጀርባ ያለው ነው። ባሌ በሞተ ጊዜ በሬ ቢገባበት የማይወጣ ገደል ነበር። ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፉ እየገዘገዘው አንድ ዓመት ጌሾዬን፣ በሌላው ዓመት የሽንት ቤቴን ግድግዳ ይዞብኝ ሄደ። ቀበሌ ሄጄ አመለከትኩ። «በዕቅድ ተይዟል» አሉኝ። እሺ ብዬ ተመለስኩና ድንጋይ መልቀም ጀመርኩ። አሥራ ሦስት ዓመት ለቀምኩ። ክትር ሠራሁ፣ ጎርፉ አፈረሰው፤ ደግሜ ሠራሁ። ደለሉ ሲቆምልኝ ሣር ተከልኩበት፣ ቀጥሎ ትሪ ሉሰርን የሚሉትን የመኖ ዛፍ፣ ቀጥሎ ወይራና ጽድ። አሁን በበጋ እንኳ አፈሩን ስትጭሩት እርጥብ ነው፤ የሰፈሩ ሰው ለከብቱ ሣር የሚያጭደው ከዚያ ነው። ያ «በዕቅድ ተይዟል» የተባለው ዕቅድ እስከ ዛሬ ማን እንደያዘው አላውቅም። የያዘው ይወቀው።

ስለ ቤቴም ልንገራችሁ፣ ጣጣው የመጣው ከዚያ ነውና። እኔ ቤት የሚጣል ነገር የለም። ስስታም ናት የሚሉኝ አሉ፤ ይበሉ። የድንች ልጣጭ ለበጎቼ ነው። እነሱ የተዉት ከአመድ ጋር ተደባልቆ ይበሰብስና ለጎመኔ ይሆናል። ዕቃ ያጠብኩበትን ውሃም ጎመኑ ይጠጣዋል። ባቄላና ሽምብራ ዘፍዝፌ አሳድራለሁ፣ ድስቱንም ከድኜ ነው የምቀቅለው፤ ሌላው ቤት በሁለት ቀን የሚፈጀው እንጨት እኔን ሳምንት ያደርሰኛል። ገበያ ስሄድ ዘንቢሌን እይዛለሁ። ባለሱቁ «ፌስታል ልስጥዎት?» ሲለኝ «ምን ልሁንበት?» እለዋለሁ። ያረጀ ቀሚሴ መወልወያ ይሆናል፣ መወልወያው ሲያልቅ የጀሪካን ውታፍ ይሆናል፣ ውታፉ ገና አላለቀም። መንገድ ላይ የተጣለ ሃይላንድ ካገኘሁ ቂጡን በመርፌ ወግቼ ውሃ እሞላውና ችግኝ ሥር እተክለዋለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ጠብ ጠብ እያለ ያጠጣልኛል። ይህን ማንም አላስተማረኝም። ስብሰባም አልተጠራሁበት፣ አበልም አልተከፈለኝ።

ዘመኑ የልማት ሠራዊት ዘመን ነው፣ ሁለት ሺህ አምስት ዓመተ ምሕረት። ሁላችንም ሠራዊት ነበርን። አንድ ለአምስት አደራጅተውን፣ አምስት ሴቶች ተሰብስበን እጃችንን ብንታጠብ እንኳ ሪፖርት ይጻፍ ነበር። በየካቲት መባቻ አዳራሽ ተጠራን። የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ የሚሉት አለምነው የሚባል አለ፤ ከኮሌጅ ከወጣ ሁለት ዓመት ያልሞላው፣ አጀንዳውን ደረቱ ላይ አቅፎ የሚሄድ፣ ሲናገር ከወረቀቱ ቀና የማይል። እሱ ተነሣና ከተማችን ቆሻሻ መጣያ ቦታ እንደሌላት ነገረን። አሁን ግን ቦታ መገኘቱን አበሠረን። ተጨበጨበ። የት ተገኘ? ከወይዘሮ አልታዬ ቤት ጀርባ ያለው ቦረቦር!

«ጆሮዬ ነው?» ብዬ ተነሣሁ። «አንተ ልጅ፣ የአካባቢ ጥበቃ ብለህ ስታበቃ እዚያ ላይ ቆሻሻ ልትደፋበት?»

«እትዬ አልታዬ፣ መዝገቡ ላይ ጉድጓዳማ ክፍት ቦታ ነው የሚለው።»

«መዝገቡን ተወውና ና እየው። ከዚህ አሥር ደቂቃ አይሞላም።»

«ማየት አያስፈልግም፤ ካርታው ላይ አለ» አለኝ።

ደሜ ፈላ። አጠገቤ የተቀመጠችው ጎረቤቴ ዘይነባ ቀሚሴን ባትጎትተኝ ኖሮ የማይሆን ነገር ተናግሬ ነበር። አለምነው ግን የሚያዝን ፊት አበጅቶ መውጫ ነገረኝ። ከቦታው ጋር የሚዋሰነው ሰው «የአካባቢ ጥበቃ ሞዴል አባወራ» ተብሎ ከተመሰከረለት፣ ቦታው «የለማ አረንጓዴ ቦታ» ይባልና በእጁ ይቆይለታል። አባወራዬ ከሞተ አሥራ አምስት ዓመቱ ነው አልኩት። ወረቀቱን ገለበጠና «ሞዴል እማወራም ይቻላል» አለ። ቼክ ሊስት የሚሉት አለ፣ አሥር ጥያቄ ያለበት። አሥሩንም ያሟላ ሞዴል ነው፤ አንድ የጎደለበት አይደለም።

እኔ ጅሏ ደስ አለኝ። ነገሩ አካባቢን ስለመጠበቅ ከሆነማ በዚህ ከተማ ማን ይበልጠኛል ብዬ ቀና ብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ከአሥሩ አንዱ በየግቢው የደረቅ ቆሻሻ ጉድጓድ መኖር አለበት የሚል ነበር። ምን ቸገረኝ፣ ቆፈርኩ። ወገቤ እስኪቀነጠስ፣ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር፣ ጥልቀቱም እንዳሉት። ማክሰኞ አለምነው ሁለት የኮሚቴ ሰዎች አስከትሎ መጣ። ችግኝ አለ ወይ? አለ። ምልክት አደረገ። እጅ መታጠቢያ? አለ። ማዳበሪያ ማብላያ? አለ። እንዲህ እንዲህ እያለ ዘጠኙን ጨረሰና ጉድጓዴ አፍ ላይ ቆመ። ጎንበስ አለ። ቀና አለ። እንደገና ጎንበስ አለ።

«ባዶ ነው» አለ።

«አዎ፣ ባዶ ነው።»

«ቆሻሻው የታለ?»

«የለኝማ።»

«እንዴት የለዎትም? ሰው ቤት እንዴት ቆሻሻ አይኖርም?»

የልጣጩን፣ የአመዱን፣ የውታፉን ታሪክ ሁሉ ዘረገፍኩለት። ከኮሚቴው አንዱ፣ አራጌ የሚባለው ሻይ ቤት ያለው ሰውዬ፣ ዓይኑን አጥብቦ «ወደ ሌላ ቦታ እየደፉት እንዳይሆን» ብሎ ሹክ አለው። ሹክሹክታው ግን ለኔም ተሰማኝ። እሱ የሻይ ቤቱን ጥራጊ የት እንደሚደፋው መካነ ሰላም በሙሉ ያውቃል! ኧረ ቦረቦሩን ሄዳችሁ እዩት፣ አንዲት ፌስታል ብታገኙ አንገቴን ቁረጡት አልኳቸው። ማን ይሄዳል? ኃምሳ እርምጃ መራመድ ቼክ ሊስቱ ውስጥ የለም።

«እትዬ አልታዬ» አለ አለምነው፣ በጣም በትሕትና፤ «ጥያቄው የሚለው ጉድጓዱ ጥቅም ላይ ውሏል ወይ ነው። ባዶ ጉድጓድ ጥቅም ላይ አልዋለም። እኔ ምን ላድርግ?» ብሎ አሥረኛው ላይ የኤክስ ምልክት አሰፈረ። «በሚቀጥለው ማክሰኞ ደግመን እንመጣለን። ያን ቀን ካልሞላ ሮብ ዕለት ጋሪዎቹ ቦረቦሩ ላይ ማራገፍ ይጀምራሉ።»

ሦስት ቀን አሰብኩ። ልጣጩን ጉድጓድ ልክተተው? በጎቼ ምን ይብሉ? ያልተቀደደ ቀሚስ ቀድጄ ልጣል? እጄ እሺ አይለኝም። ማታ ማታ ቦረቦሩ ዳር እቆምና ያን ሁሉ ወይራ አየዋለሁ። አንዱ ቁመቴን አልፏል። እዚያ ላይ የከተማው ዳይፐርና የጫት ገረባ ሲራገፍበት ይታየኛል። በአራተኛው ቀን እፍረቴን ዋጥ አደረግኩና ዘይነባ ዘንድ ሄድኩ።

ዘይነባ በአጥር የምንዋሰን ሃያ ሁለት ዓመት ነው። ልጇ ፊርደውስ ጅዳ ናት፤ ሰው በመጣ ቁጥር ካርቶን ትልካለች። ካርቶን ውስጥ ፌስታል፣ ፌስታል ውስጥ ሌላ ፌስታል፣ እዚያ ውስጥ አንዲት የሕፃን ጫማ። የዘይነባ ጉድጓድ በመጀመሪያው ቀን አፉ ድረስ ሞልቶ ስለተገኘ ሞዴል ከሆነች ሰነበተች። ሰርተፊኬቷ ከቴሌቪዥኑ በላይ ተሰቅሏል።

«ዘይነባ» አልኳት በሩ ላይ ቆሜ።

«አቤት እህቴ፣ ግቢ እንጂ።»

«ቆሻሻ አበድሪኝ።»

«ያ ረቢ! አልታዬ፣ አሞሻል?»

ነገርኳት። መጀመሪያ በመገረም አፏን በሻሿ ያዘች፤ ቀጥሎ ሳቋ መጣና መሬት ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። እንባዋን ጠርጋ ስታበቃ «አብሽሪ፣ ያውም ባለኝ ነገር ነው የመጣሽብኝ» ብላ ወደ ጓሮ ወሰደችኝ። «የትኛው ይሻልሻል? የጀላቲ መጠቅለያ አለኝ፣ ሃይላንድ አለኝ፣ ይቺ ፌስታል ደግሞ አዲስ ናት ማለት ይቻላል።»

«ኧረ አታማርጪኝ፣ የሰርግ ልብስ አደረግሽውሳ! ከሩቅ የሚታይ ነገር ብቻ ስጪኝ።»

ሁለት ጆንያ ሞላችልኝ። አንዱን እሷ፣ አንዱን እኔ ተሸክመን በዋናው መንገድ ዞረን መጣን፤ በአጥሩ በኩል ማለፊያ የለውም። መንገድ ላይ ያገኘን ሁሉ ይጠይቃል። «እትዬ አልታዬ፣ ምን ተሸከሙ?» ሲሉኝ «ሞዴልነት!» እያልኩ አለፍኩ። ዘይነባ በሳቅ ጆንያው ከጫንቃዋ ሁለት ጊዜ ወደቀባት። እኔም ሳቅኩ፤ አልዋሽም። ጉድጓዱ ውስጥ ስገለብጠው ግን ፌስታሉ ነፋስ ገብቶበት እየተንኮሻኮሸ ሲያብጥ ሳየው ሳቄ ጠፋ።

ማክሰኞ መጡ። አለምነው ጎንበስ ብሎ አይቶ ፊቱ በራ። «ይኸው! ሲፈልጉ ይችላሉኮ!» አለኝ። ቼክ። ፎቶ ላነሣዎት አለና ጉድጓዱ አፍ ላይ አቆመኝ። ወደ ቆሻሻው እያዩ ፈገግ ይበሉ አለኝ። ፈገግ አልኩ። ቅዳሜ አዳራሽ ተጠርቼ ሰርተፊኬት ተሰጠኝ፤ ማኅተም ያለው፣ ላሚኔት የተደረገ፣ በብርሃን ሲያዩት የሚያብረቀርቅ። ሕዝቡ አጨበጨበ፤ አራጌማ ቆሞ ነው ያጨበጨበው። ከሁሉ የሚበልጠው ደብዳቤውን ማግኘቴ ነበር። «ከወይዘሮ አልታዬ ቤት ጀርባ ያለው የለማ አረንጓዴ ቦታ» ይላል። ሰርተፊኬቱን ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት፣ ደብዳቤውን ግን ሳጥኔ ውስጥ ቆለፍኩበት።

አሁንማ አለቀ ብዬ ጆንያዎቹን ይዤ ቆሻሻውን ልመልስ ስል አለምነው ደረሰብኝ።

«እንዳይነኩት! ሪፖርቱ ከፎቶዎ ጋር ወደ ላይ ሄዷል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ከደጎሎና ከአጅባር ከተሞች ሰዎች ተሞክሮ ሊቀስሙ ይመጣሉ።»

«ተሞክሮ? ከምኑ?»

«ከጉድጓዱ።»

«እሺ፣ እስከዚያው አፈር ላልብሰው፤ የየካቲት ነፋስ መሆኑን እያየኸው ነው።»

«አፈር ካለበሱት እንዴት ይታያል?» አለኝ።

እሺ አልኩት። እዚህ ላይ ነው ራሴን የማልምረው። እሱስ ወረቀት ነው ያሳደገው። እኔ፣ አሥራ ሦስት ዓመት ከነፋስና ከጎርፍ ጋር የኖርኩት፣ ምን እንደሚመጣ አጥቼው ነው? አላጣሁትም። ቦረቦሬ ተረፈልኝ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ነፋሱ በሦስተኛው ቀን ተነሣ። ፌስታሉ ከጉድጓዱ እየተነሣ አጥሩን ዘለለ፣ ወይራዎቼ ላይ ተሰቀለ፣ ሣሩ ውስጥ ተሸጎጠ። እየሮጥኩ ለቀምኩ። የቻልኩትን ለቀምኩ። ዳለቻ የምላት በግ ነበረችኝ፣ ለፋሲካ ማግሥት ትወልዳለች ብዬ የምጠብቃት። የበጋ ጊዜ ነው፣ የግቢዬ ሣር ደርቋል፣ ዘይት የነካውና ጨው ያለበት ፌስታል ደግሞ ለበግ ይሸታታል። መጀመሪያ ልጣጯን ተወች። ቀጥሎ ማመስኳቷን ተወች። ሆዷ ተነፋ። የሰማሁትን መድኃኒት ሁሉ አጠጣኋት፣ ሆዷን አሸሁላት፣ በስሟ እየጠራሁ ለመንኳት። በአምስተኛው ቀን ጠዋት ጭኔ ላይ አንገቷን ጥላ ሞተች።

ሆዷን ከፈትኩት። የሁለት እጅ ጭብጥ የሚያህል ድብልብል ያለ ነገር ወጣ፤ ፌስታል ከፌስታል ጋር ተጣብቆ። በውሃ አጥቤ ፈታሁት። በመሐሉ አረንጓዴ የዐረብ ጽሕፈት ያለበት አንድ አለ። አወቅኩት። አዲስ ናት ማለት ይቻላል ብላ ዘይነባ የሰጠችኝ ነው። ግልገሎቹ ሁለት ነበሩ። ተንሰቅስቄ አለቀስኩ፤ ባሌ የሞተ ዕለት እንኳ እንደዚያ ያለቀስኩ አይመስለኝም። ማንንም አልረገምኩም። እጄን ነበር የማየው፤ ጆንያውን ተሸክሞ የመጣው የራሴ እጅ ነው።

ዳለቻን ከወይራው ሥር ቀበርኳት። ከዚያ ጉድጓዱን እስከ ታች ጠርጌ ሁለቱን ጆንያ ሞላሁና ዘይነባ በር ላይ አወረድኩ። «ብድርሽን አመጣሁ» አልኳት። ልትቀልድብኝ ፈገግ ካለች በኋላ ያጠብኩትን ፌስታል እጄ ላይ አየችው። «የኔ ነው» አለች። «ፊርደውስ የሕፃኑን ጫማ የላከችበት ነው።» ተያይዘን ተቀመጥን። በማግሥቱ ገበያ ስትወጣ አጥሬ ላይ ብቅ ብላ «ዘንቢል አውሺኝ» አለችኝ። ሰጠኋት፤ እስካሁንም አልመለሰችልኝም።

እንግዶቹ በቀናቸው መጡ። ሃያ የሚሆኑ ሰዎች ከሚኒባስ ወረዱ፣ ሁሉም አዲስ ደብተር ይዟል። አለምነው ከፊት ከፊት እየሄደ፣ በር ላይ ጀምሮ ያነበንባል። የግንዛቤ ችግር ነበር፣ በተደረገው ያላሰለሰ ድጋፍ የአመለካከት ለውጥ መጣ፣ ይኸውና ውጤቱ፣ ብሎ በእጁ ጉድጓዱን አሳየ። ሃያ ሰው ጎንበስ አለ።

«ባዶ ነው» አለ አንዱ።

አለምነው ወደ እኔ ሲዞር ፊቱ አመድ መስሏል። «እትዬ አልታዬ፣ ቆሻሻው የታለ?»

«ለባለቤቱ መለስኩ። የተበደርኩት ነበር።»

ከዳለቻ ሆድ የወጣውን፣ መልሼ ያድበለበልኩትን ፌስታል ከመደቡ ላይ አንሥቼ መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት። «ይኸ ደግሞ ወለዱ ነው። ዳለቻንና ሁለት ግልገሎቿን የገደለ ነው። ተሞክሮ ልትወስዱ ነው የመጣችሁት አይደል? ውሰዱት!» አልኳቸው። አንድም ሰው አልጻፈም። ከደጎሎ የመጡ አንዲት አሮጊት ብቻ ከሰልፉ ወጡና በጓሮ በር በኩል ወደ ቦረቦሩ ሄዱ፤ ወይራውን በእጃቸው እየነኩ፣ ክትሩን እየቆጠሩ ሲወርዱ አየኋቸው። ሌላው ደብተሩን እንደያዘ ጉድጓዱን ከቦ ቀረ።

አለምነው ክንዴን ይዞ ወደ ጥግ ወሰደኝ። «ምን አደረጉኝ?» አለ በዝግታ። «ይኸ ነገር ከተሰማ ሰርተፊኬቱ ይሰረዛል። ቦረቦሩም...»

«ሰርዘዋ!» አልኩት። «ፎቶዬ የት ነው ያለው? ላይ ሄዷል አላልከኝም? በል እንግዲህ፣ ያየሁት ቆሻሻ ብድር ነበር፣ ፈገግ በይ ብዬ ያነሣኋትም እኔ ነኝ ብለህ ጻፍና ፈርም። እኔም አብሬህ እፈርማለሁ።»

በዚያ ዘመን ወደ ላይ የሄደ ሪፖርት ወደ ታች ሲመለስ ማንም አይቶ አያውቅም። ላቡ በጆሮው ሥር ወረደ፤ ትንሽ አሳዘነኝ፣ በጣም ግን አይደለም።

«እሺ፣ እሺ፤ ቦረቦሩ በእጅዎ ይቅር» አለኝ። «ግን እባክዎ፣ እነዚህ ሰዎች እያዩ አሥረኛውን ባዶ ልተወው አልችልም። አንድ ነገር እንኳ ይግባበት። ከቤትዎ የሚጣል አንዲት ነገር፣ ምንም ትሁን።»

ገባሁ። ቤቴን ዞሬ አየሁት። ልጣጩ ለበጎቹ ነው። አመዱ ለጎመኑ ነው። ጨርቁ ገና ነው። ውታፉም ገና ነው። ከዚያ ቀና ስል ግድግዳው ላይ አየሁት። አውርጄ አገላበጥኩት። እንዳልጽፍበት ላስቲክ ነው። እንዳላነድደው ይሸታል። አይበሰብስም፣ አይጠርግም፣ አይወትፍም፣ በግ ከበላችውም ይገድላታል። የቦረቦሩ ደብዳቤ እንደሆነ ሳጥን ውስጥ ነው።

ይዤው ወጣሁና ሃያው ሰው እያየ ጉድጓዱ ውስጥ ጣልኩት።

«ይኸው» አልኩ። «ከቤቴ የሚወጣው ቆሻሻ ይኸ ብቻ ነው።»

አለምነው ጎንበስ አለ። ስሜ፣ ማኅተሙና የሱ የራሱ ፊርማ ከጉድጓዱ ሥር ተንጋልለው ያብረቀርቃሉ። ከዚያ እስክሪብቶውን አወጣና አሥረኛው ላይ «ጥቅም ላይ ውሏል» ብሎ ምልክት አደረገ።